ከውጭ አገር ተማሪ ጋር የግሩፕ ሥራ፦ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ማስረከቢያው ቀን

ከቃሊቲ ወዲያ፣ በቂሊንጦ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል ለሚማር ተማሪ የግሩፕ ሥራ የማይቀር ነው። አሳይመንቱ በግሩፕ ነው፣ የላብ ሪፖርቱ በግሩፕ ነው፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱም በግሩፕ ነው። በእነዚህ ግሩፖች ውስጥ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከጅቡቲ፣ ከሱዳን፣ አልፎ አልፎም ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች አሉ። ገሚሶቹ በስኮላርሺፕ፣ ገሚሶቹ በስደተኝነት ተመዝግበው፣ ሌሎቹ በግላቸው ከፍለው ይማራሉ።

እዚሁ አካባቢ ሳስተምር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። የውጭ ተማሪው ከሥራው በፊት ከውሳኔው ይቀራል። ርዕሱ ማታ ዶርም ውስጥ ይመረጣል፤ ክፍፍሉ ካፌ ሰልፍ ላይ ያልቃል፤ ሁሉም በአማርኛ፣ ሁሉም በጥድፊያ። ጠዋት እሱ ዘንድ የሚደርሰው «አንተ ከቨር ፔጁን ሥራ» የሚል መልእክት ብቻ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደግሞ «እሱ ምንም አልሠራም» ይባላል። ይህ ግፍ ነው፤ ግሩፑንም የአንድ ሰው እውቀት ያሳጣዋል። መመሪያው የተጻፈው ለኢትዮጵያውያኑ አባላት፣ በተለይም ግሩፕ ለሚመሩት ነው፤ ምክንያቱም አገሩም ቋንቋውም የእናንተ ስለሆነ በሩን መክፈት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

1. ግሩፕ ከመመሥረቱ በፊት ሂዱና ጠይቁ

መምህሩ «ራሳችሁ ተቧደኑ» ሲል ዶርም ከዶርም፣ አገር ልጅ ከአገር ልጅ ይያያዛል። በስተመጨረሻ ግሩፕ ያጡት ተማሪዎች ዝርዝር ይወጣል፤ የውጭ ተማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ እዚያ ዝርዝር ላይ ናቸው። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሲሞን ቮሌትና ግሬስ አንግ በአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ሠርተው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአገሬውም የውጭዎቹም ተማሪዎች ከወገናቸው ጋር መሥራትን ይመርጡ ነበር። አጋጣሚ ቀላቅሏቸው የሠሩት ደግሞ ልምዱን ወደዱት፤ ሆኖም በሚቀጥለው ጊዜ በራሳቸው ፍላጎት ተቀላቅለው ለመሥራት አልተነሡም። ስለዚህ መቀላቀሉ በራሱ ጊዜ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። የግሩፕ ምዝገባው በተነገረ ዕለት፣ ክፍል ውስጥ እያላችሁ፣ ፊት ለፊት ጠይቁ፦ «ግሩፕ አለሽ? ከእኛ ጋር ብትሠሪ ደስ ይለናል።» በቴሌግራም የሚላክ ግብዣ ይህን ያህል አይታመንም።

አንድ ጥንቃቄ ጨምሩ። ከጋምቤላ የመጣውን ኑዌር ወይም አኙዋክ፣ ከሶማሌ ክልል የመጣችውን ልጅ «ከየት አገር ነህ? ከየት አገር ነሽ?» ብሎ መጀመር ያቆስላል። ኑዌሮችም ሶማሌዎችም ከድንበሩ በዚህም በዚያም የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ መልክ አይቶ ዜግነት መገመት አይቻልም። ስሙን ጠይቁ፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት ጠይቁ፤ ቀሪውን ራሱ ይነግራችኋል። በቆዳ ቀለም ላይ የተመሠረተ ቅጽል ስም ደግሞ፣ «በፍቅር ነው የምንለው» ቢባልም፣ በግሩፑ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን መቆም አለበት። እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ሰው ሐሳቡን በሙሉ ልቡ አያካፍላችሁም።

2. የመጀመሪያውን ስብሰባ ሁሉም በሚደርስበት ሰዓትና ቦታ አድርጉ

ከግቢ ውጭ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ከመሸ በኋላ ታክሲ ማግኘት ይቸገራል። የሴት ተማሪዎች ስጋት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። «ከእራት በኋላ ላይብረሪ እንገናኝ» ማለት ለዶርም ነዋሪ ቀላል፣ ለእነሱ ግን «አትምጡ» እንደማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍል ያለቀበትን ሰዓት ምረጡ። ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ስግደት ስላለ ከ5:30 እስከ 7:30 ያለውን ጊዜ ተዉት። ረመዳን ከሆነ ማፍጠሪያው ሰዓት ላይ ስብሰባ አትያዙ።

ምሳ እየበላችሁ የምትሰበሰቡ ከሆነ የጾም በያይነቱ ወይም ሽሮ ሁሉንም ያስማማል። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ ከውጭ የመጣ ተማሪ ላያውቅ ይችላል፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑንም እንዲሁ። ማንም ሳይሸማቀቅ እንዲገባው አስቀድማችሁ አስረዱት።

በዚህ ስብሰባ ላይ ሥራ አትከፋፍሉ። እያንዳንዱ አባል ተራ በተራ ሦስት ነገር ይናገር፦ በምን ቋንቋ እንደተማረ፣ ምን እንደሚችል (ኤክሴል፣ አውቶካድ፣ ፓይተን፣ ጥሩ ጽሑፍ፣ ጥሩ ሥዕል)፣ በሳምንቱ ውስጥ የማይመቸው ጊዜ የትኛው እንደሆነ። ኢትዮጵያውያኑም ሳይቀሩ ይናገሩ። የውጭዎቹ ብቻ ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ማድረግ እንግድነታቸውን ያጎላዋል።

በተጨማሪም «ከዚህ በፊት የግሩፕ ሥራ ሠርተህ ታውቃለህ? እንዴት ነበር የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ በትምህርት ቤት በአንድ ለአምስት አደረጃጀት አልፈናል። ሰቃዩ ይመራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ይህ ሳንነጋገርበት የምንስማማበት ልማድ ሆኗል። ውጤቱ በሙሉ በግል የመጨረሻ ፈተና በሚወሰንበት ሥርዓት የተማረ ልጅ ይህን ልማድ አያውቀውም፤ ማን እንደሚወስን፣ መቼ መቃወም እንደሚፈቀድ ግራ ይገባዋል። ልማዱ ያላስተማረውን እናንተ በቃል ንገሩት። እግረ መንገዳችሁን ልማዱ ራሱ ለዚህ ሥራ ይጠቅም እንደሆነ ተነጋገሩ። በእኔ እምነት አይጠቅምም።

3. የቋንቋ ስምምነት አድርጉ

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

የማስተማሪያ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው፤ የምናስብበትና የምንከራከርበት ግን ብዙዎቻችን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። ሐሳቡ ሲጠጥር ሁላችንም ወደ አፍ መፍቻችን እንሸሻለን። ይህን መከልከል አይቻልም፤ ቢከለከልም ደካማ ውይይት ነው የሚወጣው። ስለዚህ «አማርኛ ክልክል ነው» የሚል ሕግ አታውጡ፤ በሁለት ቀን ይፈርሳል። የሚሠራው ሕግ የሚከተለው ነው።

ውሳኔ በእንግሊዝኛ ብቻ ይወሰናል። በአማርኛ ጥቂት ደቂቃ መከራከር ይቻላል፤ ሲያበቃ ግን አንድ ሰው የተባለውን ይተርካል፣ የውጭ ተማሪው ሐሳቡን ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ተስማማን» የሚባለው። ተርጓሚው በየስብሰባው ይቀያየር፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ ከወደቀ ይሰለቻል። ተርጓሚው «ስለ ሜቶዶሎጂ ነው የሚያወሩት» ብሎ እንዳያልፍም ተጠንቀቁ። ማን ምን እንዳለ፣ የማን ሐሳብ ለምን እንደወደቀ መናገር አለበት፤ የመጨረሻውን ብቻ የሚሰማ ሰው አስተያየት የሚሰጥበት ነገር የለውም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ አደጋው የድምፅ መልእክት ነው። ሌሊት የሚላክ የሦስት ደቂቃ የአማርኛ ድምፅ የውጭ ተማሪውን ፈጽሞ ከውይይቱ ያስወጣዋል። የተጻፈ አማርኛ ቢሆን እንኳ ቀድቶ በተርጓሚ መተግበሪያ ሊሞክረው ይችላል፤ ድምፁን ግን ምን ያደርገዋል? በግሩፑ ቻናል ላይ ድምፅ የላከ ሰው ከሥሩ አንድ ሁለት መስመር በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ያለ ውጭ ተማሪው «የእኛ ብቻ» የሚል ሁለተኛ ቻናል መክፈት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ተከፍቶ ከሆነ ዛሬውኑ ዝጉት።

የእንግሊዝኛ ደረጃን ከአገሩ ተነሥታችሁ አትገምቱ። የደቡብ ሱዳን የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ በኡጋንዳና በኬንያ የተማሩ ብዙ ደቡብ ሱዳናውያንም ስላሉ በንግግር ከእኛ ሊበልጡ ይችላሉ። ከጅቡቲ የመጣ ልጅ በፈረንሳይኛ ተምሮ ሊሆን ይችላል፤ ፊዚክሱን ከማናችሁም የተሻለ እያወቀው ቃሉ በእንግሊዝኛ አልመጣ ይለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ቀመሩን ወረቀት ላይ እንዲያሳያችሁ ዕድል ስጡት።

4. ሰዓቱንና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

«ነገ በ8 ሰዓት» ስትሉ እናንተ ከምሳ በኋላ ማለታችሁ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጥቶ ብቻውን ይቀመጣል። ከኬንያ ወይም ከታንዛኒያ የመጣ ስዋሂሊ ተናጋሪ ቶሎ ይገባዋል፤ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነውና። ለሌሎቹ ግን ግልጽ አይደለም።

ቀን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ማስረከቢያ 12/4» ተብሎ ቢለጠፍ እኛ ታኅሣሥ 12 ብለን እናነባለን፤ ይህም በአብዛኛው ዓመት ዲሴምበር 21 ነው። የውጭ ተማሪው ኤፕሪል 12 ወይም ዲሴምበር 4 ብሎ ሊወስደው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የግሩፑ መሪ እያንዳንዱን ቀጠሮ በወር ስም፣ በሁለቱም አቆጣጠር፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ጨምሮ ይጻፍና ቻናሉ አናት ላይ ይሰካው።

5. ሥራውን በምዕራፍ አትሸንሽኑት

የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ ሊትሬቸር፣ አንዱ ሜቶዶሎጂ፣ አንዱ ውጤት፤ የመጨረሻው ሰው (ብዙ ጊዜ የውጭ ተማሪው) ከቨር ፔጅ፣ ማውጫና ፕሪንት ማስደረግ። ከዚያ ማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ሁሉም ይለጠፋል። ወረቀቱን የሚያርም መምህር ወዲያው ያውቀዋል፤ መግቢያው አንድ ጥናት ይተርካል፣ ውጤቱ ሌላ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እየተባልን አድገናል። ይህ እውነት የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ሰው የያዘው ሎሚ ሲታይ ነው። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር ሲጨምር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። በ1979 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ ሰዎችን እያስጨበጨቡና እያስጮኹ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተሙት ሙከራ ደግሞ ለእኛ የሚጠቅመውን ነገረን፦ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ እንደሚታወቅ ሲነገረው መለገሙ ይጠፋል።

ድርሻው እንዲታይ፣ ግን ወረቀቱ እንዳይበጣጠስ ምን ይደረግ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው መማር በጀመሩባቸው ትምህርት ቤቶች የሞከረው ዘዴ መልስ አለው። እያንዳንዱ ልጅ የትምህርቱን አንድ ክፍል ተምሮ ለቡድኑ ያስተምራል፤ እሱ የያዘው ከሌለ የሌሎቹ ሙሉ አይሆንም። ያን ጊዜ የሚናቀውን ልጅ ማዳመጥ ግድ ይሆናል።

ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። ፕሮጀክታችሁ ስለ አቃቂ ወንዝ ብክለት ነው እንበል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በከተማው አልፈው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ ከግቢያችንም ሩቅ አይደሉም። ሥራውን በጥያቄ ክፈሉት። አንዱ የውኃው ኬሚካላዊ ይዘት ምን እንደሚመስል፣ ሁለተኛው ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ፣ ሦስተኛው ነዋሪውና አትክልት አምራቹ ምን እንደሚል፣ አራተኛው ሕጉ ምን እንደሚያዝ፣ አምስተኛው ምን ዓይነት ማጣሪያ እንደሚያዋጣ ይመልሳል። እያንዳንዱ የራሱን ጥያቄ ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው ይከተላል፣ ለሌሎቹ ያስተምራል፤ የሌላ አንድ ሰው ክፍልም ይፈትሻል።

የመስክ ሥራ ላይ የውጭ ተማሪው አማርኛ አይችልም ተብሎ እንዳይቀር። ነዋሪውን የሚያናግረው ሌላ ሰው ይሁን፤ እሱ ናሙና ይቅዳ፣ ቦታውን በጂፒኤስ ይመዝግብ፣ ፎቶ ያንሣ፣ መረጃውን እዚያው ያስገባ። ወንዙን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ ወንዙ መከራከር አይችልም። ሌላው ወጥመድ የውጭ ተማሪውን የአገሩ ምሳሌ ብቻ አድርጎ መያዝ ነው። ጁባ ውስጥ ብዙ ሰው ከናይል በቦቴ የተቀዳ ውኃ እንደሚጠቀም ቢነግራችሁ ጠቃሚ ንጽጽር ነው፤ ተቀበሉት። ግን ኬሚስትሪ ከሆነ የሚችለው ኬሚስትሪውን ስጡት።

6. ስብሰባው ላይ ዝምታውን ጠብቁት

በየስብሰባው መጀመሪያ ሁሉም ሰው አንድ አንድ ደቂቃ ያለምንም ማቋረጥ ይናገር፤ የግሩፑ ሰቃይ መጨረሻ ላይ ይሁን። እሱ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው «እኔም እንደሱ» ይላል።

ለውጭ ተማሪው ጥያቄ ስታቀርቡ ቶሎ አትርዱት። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎችም መናገር ጀመሩ። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ለሚያስብ ሰው ይህ ፋታ የግድ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አኒታ ዉሊና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናትም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ንግግሩን የያዙባቸው ቡድኖች ተራው ለሁሉም ከሚዳረስባቸው ያነሰ ውጤት ነበራቸው።

በስብሰባው መጨረሻ «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ እኛም ውጭ አገር ብንሄድ እንደዚያው ነው የምንመልሰው። በምትኩ እያንዳንዱ አባል እስከሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚሠራ በራሱ ቃል ይናገር።

7. ጽሑፉን ስታዋሕዱ

ጉግል ዶክስ ላይ ሥሩ፤ ማን ምን እንደጻፈ ራሱ ይመዘግባል። የውጭ ተማሪው እንግሊዝኛ ደካማ ቢሆን ክፍሉን አጥፍታችሁ እንደገና አትጻፉት፤ ዳር ላይ አስተያየት ጽፋችሁ ራሱ ያስተካክለው። ሠርቶ ያመጣው ሁሉ ተሰርዞ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሠራም። ቁጥሮችንም አስተያዩ፦ በፈረንሳይኛ የተማረ ተማሪ የአሥርዮሽ ነጥቡን በኮማ ይጽፋል። 3,5 ማለት ለእሱ ሦስት ከግማሽ ነው፤ ይህ ሳይስተካከል ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ ስሌቱ ይበላሻል። ከኢንተርኔት ቀድቶ መለጠፍን በተመለከተ ዩኒቨርሲቲው የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ቀድማችሁ አብራሩለት፤ ግሩፑ ውስጥ አንድ ሰው ቢቀዳ የሚቀጣው ሁሉም ነውና።

8. አንድ ሰው ሲጠፋ

ከመፍረዳችሁ በፊት ለብቻው አግኙትና ጠይቁት። የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ኢሚግሬሽን ሄዶ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል፤ ስደተኛ ከሆነ መታወቂያውን ለማሳደስ ወደ ስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት መመላለስ አለበት። ከቂሊንጦ መሀል ከተማ ደርሶ መመለስ ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል። የድጎማ ገንዘቡ ዘግይቶ ይሆናል። ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሰምቶ ይሆናል፤ በጦርነት ውስጥ ቤተሰብ ያለው ሰው ስልኩ ለሰዓታት ባልሠራ ቁጥር የሚያልፍበትን መገመት ከባድ አይደለም፤ እኛም በቅርቡ አይተነዋል። እንዲህ ከሆነ የማስረከቢያ ቀኑን ቀይሩለት፣ ወይም በኋላ የሚሠራ ክፍል ስጡት። የእሱን ሥራ በዝምታ ሠርታችሁ ስሙን ማስገባት ግን ውለታ አይሆንለትም፤ ፈተና ላይ ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ምክንያት ከሌለ በጽሑፍ ቀን ቁረጡለት፤ ካልመጣ ወረቀቱ ከመግባቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት ለመምህሩ ንገሩ። ከገባ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ለማጣራት ያስቸግረናል። መመዘኛው ለኢትዮጵያዊውም ለውጭ ተማሪውም አንድ ይሁን።

በተቃራኒው የሚሆነውንም ልብ በሉ። ስኮላርሺፑ በውጤት ላይ የተንጠለጠለበት የውጭ ተማሪ ኤፍ ማግኘትን ስለሚፈራ ሌሎቹ የተዉትን ሁሉ ሌሊት ተቀምጦ ይሠራል፤ አገሩ ስላልሆነም አቤት አይልም። አንድ ሰው ሁሌ «እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ከሆነ መሪው ያስቁመው።

9. ፕሬዘንቴሽኑና ማስረከቢያው

ሁሉም ይናገር፤ እያንዳንዱ የራሱን ጥያቄ ያቅርብ። ንግግሩን አብዝታችሁ ከምትለማመዱ ይልቅ የጥያቄና መልሱን ክፍል ተለማመዱ፤ የውጭ ተማሪው ላይ የቀረበን ጥያቄ አማርኛ ተናጋሪው ነጥቆ እንዳይመልስ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከፈታኞቹ አንዱ በአማርኛ ከጠየቀ በአክብሮት በእንግሊዝኛ እንዲደግሙት መሪው ይጠይቅ፤ «መምህር፣ ለሁላችንም እንዲገባን በእንግሊዝኛ ቢደግሙልን» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ወረቀቱ ላይ ስሞችን በመታወቂያው ላይ እንዳሉ ጻፉ። አንዳንዱ የውጭ ተማሪ የቤተሰብ ስሙን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ በእኛ ልማድ የአያት ስም ነው ብላችሁ ቆርጣችሁ አትተዉበት፤ ሬጅስትራር ከዝርዝሩ ጋር ሲያመሳክር ውጤቱ ሊጠፋ ይችላል።

ከመጨረሻው ገጽ በኋላ አንድ ሠንጠረዥ ጨምሩ፦ ስም፣ የመለሰው ጥያቄ፣ የፈተሸው የሌላ ሰው ክፍል፣ ፊርማ። ሁላችሁም በአንድ ቦታ ተቀምጣችሁ፣ እያንዳንዱ መስመር በእንግሊዝኛ ተነብቦ ከተስማማችሁበት በኋላ ፈርሙ። መምህሩ ባይጠይቅም አስገቡት፤ እኔ እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ሲደርሰኝ ማርኩን ለእያንዳንዱ ሰው ለይቼ ለመስጠት የምመለከተው ከሁሉም በፊት እሱን ነው።